ስድስት ጎብኚ፣ አንድ አስጎብኚ

የጎንደር የፋሲል ግቢ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የድንጋይ አጥር የተከበበ የነገሥታት መንደር ነው። አጼ ፋሲለደስ በ1636 አካባቢ ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ ወዲህ፣ ከተከታዮቻቸው ብዙዎቹ የአባታቸውን ቤት እንደነበረ ትተው በአጠገቡ የራሳቸውን አቁመዋል። ጎጆ የወጣ ልጅ ከአባቱ አጥር ሥር ቤት እንደሚቀልስ ሁሉ፣ የጎንደር ነገሥታትም ይህንኑ በኖራና በድንጋይ አንድ መቶ ዓመት ያህል ሲያደርጉት ኖረዋል። ዩኔስኮ ግቢውን በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ለምን እንደሚያስፈልግ ስለ አስጎብኚዎች ሲነሳ ይገለጻል።

ብቻውን የሚገባ ሰው ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ሲዞር ይቆይና ሲወጣ “ምን አየህ?” ቢሉት “ግንብ” ይላል። መልሱ ስህተት የለበትም፤ ግን ለዚያ ለዚያ ግንቡ ከውጭ ሆኖም ይታያል። ስለዚህ አስጎብኚ ያስፈልጋል። አስጎብኚ ካስፈለገ ዘንድ ከስንት ሰው ጋር ይሁን የሚለው ጥያቄ ይከተላል። የጉብኝቱ ክፉና ደግ ከሞላ ጎደል በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ያረፈ ነው።

የግቢው ጎብኚ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው በአውቶቡስ የሚመጣው ነው። የትምህርት ቤት፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የማኅበር ጉዞ ይሆናል፤ ባነር አለው፤ አንዳንዴም አንድ ዓይነት ቲሸርት ያስለብሳል። ይህ ቡድን ርካሽና ደስተኛ ነው፤ በሄደበት ሁሉ ይዘፍናል። ችግሩ ጊዜው የሚያልቀው በመቆጠር መሆኑ ነው። ከመግባቱ በፊት ይቆጠራል፤ ከገባ በኋላ ይቆጠራል፤ አንድ ሰው ሲጎድል ደግሞ ሊፈልጉት የሄዱት ሁለቱ ስለሚጎድሉ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። አስጎብኚው ሲናገር ከፊት ያሉት ስለ አጼ ፋሲለደስ ይሰማሉ፤ መሐል ያሉት “ምን አለ?” ይባባላሉ፤ ከኋላ ያሉት ምሳ የት እንደሚበላ ተነጋግረው ይጨርሳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ጎብኚ ሲያብር ግን የሚታሰረው አስጎብኚው ነው።

ሁለተኛው ለራሱ ብቻ አስጎብኚ የሚይዘው ነው። ይህኛው ሁሉን ይሰማል፤ የፈለገበት ቦታ ይቆማል፤ የፈለገውን ይጠይቃል። ነገር ግን ፊት ለፊት የሚያወራን ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ብቻውን ማዳመጥ ከባድ ሥራ ነው። ዐይኑን ወደ ሰገነቱ ቢያነሳ አስጎብኚውን የናቀ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ጉብኝቱን በሙሉ ራሱን ሲነቀንቅ ይፈጽመዋል። ማዛጋት የለም፤ ስልክ ማየትም የለም። ሒሳቡንም የሚጋራው አይኖርም።

ሦስተኛው ከአራት እስከ ስምንት ሰው የሚሆነው አነስተኛ ቡድን ነው። በዚህ ቡድን ውስጥ ራስ መነቅነቁ በየተራ ይደርሳል። አንዱ ሲያዳምጥ ሌላው ግድግዳውን ይነካል፤ ሁሉም ግን ይሰማል። ይህ ቁጥር ተመራጭ የሆነው ለምቾት ብቻ ሳይሆን ለግንቡም አሠራር ጭምር ነው። የፋሲለደስ ግንብ ወደ 32 ሜትር ከፍታ ያለውና በአራቱም ማዕዘን ባለ ጉልላት ማማዎች የቆሙበት ነው፤ ውስጡ ግን ለጥበቃ ተብሎ የተሠራ እንጂ ለአውቶቡስ ጎብኚ የታሰበ አይደለም። በሮቹ አንድ ሰው ያሳልፋሉ፤ መወጣጫዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ወፍራሙ ግድግዳ የተነገረውን ሁሉ እየደገመ ይመልሳል። አርባ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ አስጎብኚው “ይህ የግብር አዳራሽ ነበር” ሲል፣ ከጉምጉምታው መካከል ተለይቶ የሚሰማው “ነበር” ብቻ ነው። ስድስት ሰው ሲሆን የአስጎብኚው ድምፅ ቀርቶ በማማው ላይ ያለች እርግብ የክንፍ ድምፅ መስማት ይቻላል።

የቡድኑ ቁጥር ከተወሰነ በኋላ የአባላቱ ጠባይ ይመጣል። ሰው ጓደኛውን ሊመርጥ ይችል ይሆናል፤ በሆቴል በኩል ተሰባስቦ የሚጎበኝ ሰው ግን ያገኘውን ነው የሚቀበለው። ቡድኑ ትንሽ ይሁን እንጂ አምስት ዓይነት ሰዎች አይጠፉበትም።

የመጀመሪያው አዋቂው ነው። ከመምጣቱ በፊት አንብቧል፤ ያነበበውንም የሚናገርበት አጋጣሚ ይፈልጋል። አስጎብኚው “አጼ ኢያሱ” ብሎ ሳይጨርስ “ቀዳማዊ ነው ወይስ ዳግማዊ?” ይላል፤ መልሱን ግን አስቀድሞ ያውቀዋል። ሁለተኛው ፎቶ አንሺው ነው። ወደ ኋላ እየተራመደ ስለሚሄድ አጥሩን ከነአሥራ ሁለት በሮቹ በጀርባው ያውቀዋል። ሦስተኛው ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ከልጆቹ ጋር ለዕረፍት የመጣው ዘመድ ነው። ልጆቹ አገራቸውን እንዲያውቁ ነው ያመጣቸው፤ ልጆቹ ግን ንጉሡ የት ይታጠቡ እንደነበር ነው ማወቅ የሚፈልጉት። ጥያቄው መናቅ የለበትም፤ በግቢው ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ስላለ አስጎብኚውን ወደዚያ ይወስደዋል። አራተኛው ዝምተኛው ነው። ከመግቢያ እስከ መውጫ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ብዙ ጊዜ ሒሳቡን ቀድሞ ከፍሎ የሚገኘው እሱ ነው።

አምስተኛዋ ነጠላ የደረቡ እናት ናቸው። ከልጆቻቸው ጋር መጥተው በየጥላው እየተቀመጡ ይከተላሉ፤ ስለ ቅስትና ስለ ጉልላት ሲነገር ብዙም አይገርማቸውም። የአጼ በካፋ የግብር አዳራሽ ጋ ሲደረስ ግን ይነቁና “ይኼ ሁሉ ሰው ከበላ፣ ወጡ የት ነበር የሚሠራው?” ብለው ይጠይቃሉ። ደካማ አስጎብኚ “እማማ፣ እሱ እንኳ…” ብሎ ወደ ፈረሶቹ ጋጣ ያልፋል። ጎበዙ ግን “ጥሩ ጠየቁ እማማ” ብሎ ይቆምና ስለ ግብር ማብላት፣ ስለ ጠጅ ቤቱ፣ በየማዕረጉ ስለነበረው አቀማመጥና ቁርጥ ሥጋው ለማን ከየትኛው ብልት ይቀርብ እንደነበር ይተርካል። አዋቂው ራሱ ማስታወሻ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። በአርባ ሰው ቡድን ውስጥ እኚህ እናት ባልጠየቁም ነበር፤ የጠየቁ እንደሆነም የሚሰማቸው አይኖርም።

ቀጥሎ የሚመረጠው አስጎብኚው ነው። ጎብኚ ከግቢው ፊት ካለው ጃን ተከል ጋ ብቅ ሲል “ላስጎብኝ?” የሚለው ሰው አይጠፋም። ከነዚህ መካከል ፈቃድ ያላቸው የአካባቢው አስጎብኚዎች ባጃቸውን አንጠልጥለው ትኬት መሸጫው አካባቢ ይገኛሉ። ባጅ ማየት ነውር አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ሰው ባጁን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ የሌለው ደግሞ “እዚህ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ” ይላል። ጎንደር መወለድ መታደል ነው፤ ፈቃድ ግን አይሆንም።

ባጅ ያለው ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው “ማን ሠራው?” የሚለው ነው። አንድ ቃል ብቻ ተናግሮ የሚያልፍ አስጎብኚ፣ ይልቁንም ቃሉ “ፖርቱጋሎች” ከሆነ፣ ለችኩል ጎብኚ ይስማማል። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ነበሩ፤ አጼ ፋሲለደስ ግን ከነገሡ በኋላ እነሱን አስወጥተዋቸዋል። ከዚያ በፊትም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አጼ ሠርጸ ድንግል እንፍራንዝ አጠገብ ጉዛራ ላይ ግንብ ነበራቸው። በ1648 ወደ ፋሲለደስ የተላከው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ ግንቡን አይቶ ሥራውን ከአንድ ሕንዳዊ ግንበኛ ጋር አያይዞታል። የጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችና አናጢዎችም በነገሥታቱ ሥራ ላይ ተሰማርተው ነበር። ጎበዝ አስጎብኚ ይህን ሁሉ ዘርግቶ የሚያከራክረውን “ያከራክራል”፣ የተጻፈውን “ተጽፏል”፣ አያቱ የነገሩትን ደግሞ “አያቴ ነገሩኝ” ይላል። ሦስቱን ሳያደባልቅ የሚያወራ ከተገኘ መያዝ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ “የአጼ ኢያሱ ቤት ጣሪያ የት ሄደ?” የሚለው ነው። የቀዳማዊ (የታላቁ) ኢያሱ ቤተ መንግሥት በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ እንደነበር ይነገራል፤ ዛሬ ከላዩ ሰማይ ነው ያለው። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል። ጣልያን ግቢውን የጦር መምሪያ ስላደረገው ደግሞ በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደብድበውታል። ጥያቄውን “ጊዜ ነው” ብሎ የሚያልፍ አስጎብኚ ጊዜን በሐሰት እየወነጀለ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ “ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው?” የሚለው ነው። አነስተኛው ቡድን ብዙ ጊዜ የተቀላቀለ ነው፤ ግማሹ ከአዲስ አበባ፣ ግማሹ ከውጭ የመጣ ይሆናል። አስጎብኚው አንዴ 1628፣ አንዴ 1636 ሲል ዘመዱ ለልጆቹ ከተማዋ ሁለት ጊዜ ተቆርቁራለች ብሎ ያስረዳል። ጎበዙ አስጎብኚ ገና በሩ ላይ አቆጣጠሩን ተናግሮ እስከ መጨረሻው በዚያው ይጸናል።

ከዚህ በላይ አስጎብኚው ስለ አጼ በካፋ ሚስት ስለ እቴጌ ምንትዋብ የሚተርክበትን መንገድ ማዳመጥ ይጠቅማል። አጼ በካፋ ራሳቸውን ለውጠው ሲዘዋወሩ ቋራ ላይ ታመው፣ አንዲት ቆንጆ ልጃገረድ አስታምማቸው፣ ሲድኑ እንዳገቧት የሚተርከውን አፈ ታሪክ የማያውቅ አስጎብኚ የለም። ብዙዎቹ እዚያው ሰርጉ ላይ ያቆማሉ። የእቴጌዋ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1730 በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለነበር ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር አገር ያስተዳደሩት እሳቸው ናቸው። በግቢው ውስጥ ያለው በድንጋይ ቅርጽ መስቀል ያጌጠው ቤታቸውም ሆነ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቁስቋም የዚያ ሥልጣን ምስክሮች ናቸው። እቴጌዋን ከቁንጅናቸው አሳልፎ የሚያውቅ አስጎብኚ ሌላውንም ያውቃል ማለት ነው።

ስለ ገንዘብ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። የመግቢያ ትኬትና የአስጎብኚ ክፍያ የተለያዩ ናቸው፤ ትኬቱ ለኢትዮጵያዊ ዜጋና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ ለቪዲዮ መቅረጫ ተጨማሪ ሊጠየቅ ይችላል። አስጎብኚው የሚያስከፍለው በነፍስ ወከፍ ይሁን በቡድን፣ ከግቢው ውጭ ያለውን የፋሲለደስን መዋኛ ይጨምር አይጨምር፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በሩ ላይ ተጠይቆ ቢለይለት ይሻላል። “እናንተ እንደመሰላችሁ” የሚባለው ዋጋ ሲወጡ ሁልጊዜ ለከፋዩ ሌላ፣ ለተቀባዩ ሌላ ይመስላል። ትኬት መሸጫው ጋ ያለው ሌላው አደጋ “እኔ ልክፈል” ነው። ስድስት ኢትዮጵያውያን አንድ መስኮት ጋ ሲደርሱ ስድስቱም ብር ያወጣሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፤ አንዱ “በእናትህ!” ይላል፤ ትኬት ቆራጯ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች፤ ከኋላ የተሰለፈው የአውቶቡስ ቡድን እንደገና መቆጠር ይጀምራል። የጋራ ገንዘብ ያዥ ከሆቴል ሳይወጡ መሾም ይህን ያስቀራል።

የጉብኝቱን ክፍያ መከራከር መብት ነው፤ ይሁን እንጂ የጎንደር አስጎብኚዎች ከኮሮና ወረርሽኝና ከተከታታዩ የጦርነት ዓመታት ወዲህ የጎብኚ ድርቅ የመታቸው ሰዎች መሆናቸውን ማሰብ ይገባል። በአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ መጠበቅ ደግ አይደለም። የመንገዱን ሰላም ከመነሳት በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቆ ማረጋገጥም ከዝግጅቱ አንዱ ነው።

ጊዜን በተመለከተ ጠዋቱ ይመረጣል። ብርሃኑ ለፎቶ ይስማማል፤ ፀሐዩ አልከረረም፤ አውቶቡሶቹ ገና ቁርስ ላይ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ መጠለል ደግሞ አይቻልም። ቅዳሜና እሑድ ግቢው የሙሽሮች ነው። ሙሽራዋ ቬሏን ደረጃው ላይ ዘርግታ፣ ሚዜዎቹ ተደርድረው፣ ካሜራ ያዡ “አንድ ጊዜ ብቻ!” እያለ ጎብኚውን ያስቆማል፤ አንድ ጊዜው ግን አያልቅም። ለጥምቀት የሚመጣ ሰው በዓሉን ይጎብኝ፤ ግንቡን ጸጥ ባለ ቀን ለማየት ቢያቅድ ይሻለዋል። ጫማ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፤ ተረከዝ ሲውጥም ታይቷል።

የጉብኝቱ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ በነገሥታቱ ዘመን ነው። መጀመሪያ የፋሲለደስ ግንብ፣ ቀጥሎ የልጃቸው የአጼ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ የኢያሱ ቤተ መንግሥት ይታያል። በ1699 ጎንደር የደረሰው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ያከማቸው ንጉሥ እኚሁ ኢያሱ ናቸው። ወደ ሰሜን ሲታለፍ ሙዚቃና ጨዋታ ይወዱ ነበር የሚባሉት የሣልሳዊ ዳዊት አዳራሽና የአንበሶቹ ማደሪያ ይገኛሉ፤ ንጉሡ በ1721 በመርዝ እንደሞቱ ይነገራል። በመጨረሻም የበካፋና የምንትዋብ ቤቶች አሉ። ችኩል አስጎብኚ የመጀመሪያውን ግንብ ግማሽ ሰዓት አስጎብኝቶ ለቀሩት አምስት አምስት ደቂቃ ይሰጣል፤ የበካፋን ግብር ቤት ከነጋጣው ከሩቅ በጣቱ ያሳያል። ለሙሉ ጉብኝት ሁለት ሰዓት ያህል መመደብ ተገቢ ነው።

በሮቹንም መርሳት አይገባም። ፊት በር፣ ወንበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ ራስ በር፣ እርግብ በር፣ እንቢልታ በር፣ ባልደራስ በር እየተባሉ ለየማዕረጉና ለየሥራው የተለዩ ነበሩ። ዳኛው በአንዱ፣ ፈረሰኛው በሌላው፣ እንቢልታ ነፊው በሦስተኛው ይገባ ነበር። የዛሬ ጎብኚ ማዕረጉ ምንም ቢሆን ትኬት በሚቆረጥበት በር ይገባል።

ከአጥሩ ውጭ ያሉት ቅርሶች ሌላ ግማሽ ቀን ይፈልጋሉ። አነስተኛ ቡድን በሁለት ባጃጅ ስለሚበቃው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ያለው የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ለጥምቀት ይሞላል፤ በሌላው ጊዜ አብዛኛውን ደረቅ ነው፤ የዋና ልብስ አያስፈልግም። ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላ ነው። በ1888 የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህ ቤተ ክርስቲያን ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ሲሆን፣ ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ይላሉ ጎንደሮች። እዚያ ጫማ ስለሚወልቅ ቀዳዳ ካልሲ ያደረገ ሰው መላእክቱን በሙሉ ልብ አያይም። ቁስቋምን ለማየት የሚወጣ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 በጎንደር ቆይታው የእቴጌ ምንትዋብ እንግዳ ሆኖ የሰነበተበትን ግቢ ያገኛል።

ባጠቃላይ ለፋሲል ግቢ የሚስማማው ከአራት እስከ ስምንት ሰው ያለው ቡድን፣ ዋጋውን በሩ ላይ የሚናገር ባለ ባጅ አስጎብኚና ጠዋት ነው። በቡድኑ ውስጥ ወጡ የት ይሠራ እንደነበር የሚጠይቁ አንዲት እናት ካሉ ይበልጥ ይሟላል፤ ከሌሉም ጥያቄውን ከቡድኑ አንዱ ይጠይቅላቸው።